ከሥሩ የሚገባ እጅ

ልጄ ሌንሳ ከቀን ሥራ ስትገባ ሻሿን ተቀብዬ ላንጠለጥል ስል፣ አሁን የተላጠ ባሕር ዛፍ ሸተተኝ። ቡራዩ ውስጥ ባሕር ዛፍ ቢሸት አዲስ ነገር አይደለም። ይኼኛው ግን እርጥብ፣ አፍንጫ የሚቆጠቁጥ፣ ቢላዋ የነካው ነው። የምትሠራው ፎቅ ላይ፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫ እየረገጠች መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ልቤ ፈራ፤ ፈርቶም ሰበታ ሄደ፣ ኦቦ ደበላ ጓሮ።

ኦቦ ደበላ የልጅነት ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቆላ ወርደው የባቡር ድልድይ ሲጠግኑ ነው። ጡረታ ወጥተው ቢመጡም ባቡሩ ከልባቸው አልወጣ ብሎ፣ ጎመናቸው መሃል ትንሽ የባቡር መንገድ ዘረጉ። ሐዲዱ ሽቦ፣ ፉርጎው የዘይት ቆርቆሮ፣ ጎማው ቆርኪ። ሚስታቸው "ሰው ጡረታ ሲወጣ ንብ ያረባል፣ የእኔው ባቡር ያረባል" እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ጓሮውን የውሃ ቦይ ለሁለት ይከፍለዋልና ድልድይ ያስፈልጋል። እሳቸው ቀጫጭን ባሕር ዛፍ ይልጣሉ፤ እኔ ልጣጩን እሰበስባለሁ። እግሮቹን ከላይ ጠበብ፣ ከታች ፈርከክ አድርገው ያቆሟቸዋል፤ ሸክም ሊቀበል እንደተዘጋጀ ሰው። ከዚያ እግርና እግሩን በሰያፍ እንጨት እንደ መስቀል ያያይዙታል። "መስቀል የሌለው ሲቆም ያምራል፣ ሲረገጥ ይተኛል" ይሉኛል።

ሲያልቅ ፉርጎው ላይ ድንጋይ ይጭናሉ። ግራ እጃቸውን ድልድዩ ሥር ዘርግተው በቀኛቸው ይገፉታል። የዚያ የግራ እጅ አንድ ጣት ጫፍ የለውም ነበር፤ የት እንደቀረ ነግረውኝ አያውቁም።

አንድ ቀን "እስቲ አንቺ ደግሞ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

አልሳቁብኝም፣ አልተቆጡኝም። "የትኛውን ነው የፈራሽው?" ብለው ጠየቁኝ። አንዱን እግር አሳየኋቸው። ድልድዩን አፍርሰው እንደገና ጀመሩ። "እጅሽን ከሥሩ ማስገባት ከፈራሽ፣ ሰው አታሳልፊበት።"

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ተቋርጧል፤ ከተማርኩት የቀረኝ ይህ ነው።

ሻሿ በሸተተኝ ማግስት ምሳ ይዤ ሌንሳ ወደምትሠራበት ሄድኩ። ሕንፃው ሦስተኛ ወለል ደርሷል። መወጣጫው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ሌንሳና ጓደኛዋ የተቦካ ሲሚንቶ በባሬላ ተሸክመው ከፊትና ከኋላ ሆነው ይወጣሉ። አጣናዎቹ ቀጥ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንድም ሰያፍ የላቸውም። ልጄ በረገጠች ቁጥር ሁሉም ወደ ግራ ዘመም ይላል።

ለፎርማኑ ጠጋ ብዬ ነገርኩት።

"ማዘር፣ ኢንጂነር ነሽ እንዴ?"

"አይደለሁም። አንተ ግን ከሥሩ ቁምና እነሱ ይውጡ።"

ቀና ብሎ አየ፤ አልቆመም። እኔ ምሳውን እንደያዝኩ ገብቼ ቆምኩ።

"እማ፣ በናትሽ ውጪ፣ አታሳፍሪኝ" አለች ሌንሳ ከላይ።

"ተያት፣ ምሰሶ ሆና ተቀጥራ ነው" አለች ጓደኛዋ።

ሰዉ ሳቀ። ሥራው ግን ቆመ፤ ፎርማኑም እኔን ለማስወጣት ብሎ ይመስለኛል፣ አናጢ ጠርቶ ሰያፍ አስመታ።

ፎቁ ግን ወደ ላይ ይሄዳል፣ መወጣጫውም አብሮት። እኔ ሁልጊዜ ከሥሩ መቆም አልችልም። የኦቦ ደበላ ጓሮ ዛሬ መጋዘን ሆኗል፤ ከባቡራቸው ቆርኪ እንኳ የተረፈ አይመስለኝም። እኔም ማታ ማታ የሌንሳን ሻሽ አሸትትና "መስቀል አለው?" እላታለሁ። እሷም "አለው፣ አለው" ትለኛለች፤ እውነቷን ይሁን እኔን ለማሳረፍ አላውቅም።

ዛሬ በጊዜ መጣች። ሳልጠይቃት በሩ ላይ ቆመች።

"አዲሱ መወጣጫ መስቀል አልነበረውም፣ እማ። እስኪመታ አልወጣም አልኩ። ነገ አትምጪ አሉኝ።"

ሻሿን ተቀበልኳት። ባሕር ዛፍ አይሸትም ነበር።