ላስቲኩ ያልተላጠ ወንበር

ስማይርና ከተማ ባለው ቤታችን፣ የምንበላበትን ዳይኒንግ ሩም በአነስተኛ ባጀት ለማደስ ግድግዳውን ራሳችን ቀባን፤ ሴል ላይ በቅናሽ ያገኘናቸውን ስድስት ወንበሮችም ከነላስቲካቸው አስገባን። ባሌ ግን "ሌላ መግዛት አንችልም፤ ላስቲኩን እንዳትነኪው፣ ለእንግዳ ይቆይ" አለኝ። ስቀመጥ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ደሜ ፈላ።

ልጅ ሳለሁ እማዬም የሳሎኑን ወንበሮች በላስቲክ ሸፍና እኛን ጓዳ ዱካ ላይ ታበላን ነበር። አንድ ቀን ተደብቄ አንዱ ላይ ተቀምጬ ላስቲኩ ላብ ያረጠበው ጭኔ ላይ ሲጣበቅብኝ ተናድጄ በጥፍሬ ቀደድኩት። ትገርፈኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀዳዳውን በፕላስተር እያሸገች "አባትሽ ሲመጣ አዲስ ሆነው ይጠብቁታል" አለች። የት እንደሄደ አልነገረችኝም። አባቴ አልመጣም፤ ወንበሮቹም ላስቲካቸውን እንደለበሱ አረጁ።

መቀስ አመጣሁ።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ ባሌ ደንግጦ።

"እራት ልንበላ ነዋ!"