ሎርድ መሆን የፈራው ሰው

ኦብሪ ትረሌክ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው አንድ ነገር ነበር፤ የአባቱን ሞት። ከፍቅር ብዛት እንዳይመስላችሁ። አባትና ልጅ ስለ ውሾችና ስለ ዝናብ ካልሆነ በቀር ተጨዋውተው አያውቁም። ፍርሃቱ ሌላ ነው። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሕግ መሠረት፣ ሎርድ የሚባል የመኳንንት ማዕረግ ያለው አባት ዓይኑን በከደነባት ቅጽበት የበኩር ልጁ ሎርድ ይሆናል፤ ሎርድ ደግሞ ሕዝብ በመረጠው ምክር ቤት አይቀመጥም። አልፈልግም ማለት የለም። ወንበሩን ይለቅና ሽማግሌዎቹ እያንቀላፉ ወደሚከራከሩበት ወደ ሎርዶቹ ቤት ይሻገራል።

ኦብሪ ደግሞ ያችን ወንበር ነፍሱ እስኪወጣ ይወዳታል።

ያደገው ኮርንዎል፣ ከባሕሩ በላይ በተሠራ ትልቅ ቤት ነው። ሞግዚት አሳደገችው፤ የወተት ጥርሱ ተነቅሎ ሳያልቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩት፤ ከዚያ ጦርነት። ሲመለስ ከቤታቸው በታች ባለችው የፖርትኬሊስ ወደብ ለምርጫ ቀረበ። ድምፅ ሊለምን በወረደ ቀን፣ ሞርዌና ናንስ የምትባል ዓሣ አጽጂ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«የሎርዱ ልጅ አይደለህ? ለመሆኑ ከሳህን ውጭ ዓሣ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«መቼም አትዋሽም። በል ና፣ ይቺን ያዝ።»

ያዘ። ዓሣው ሙልጭ ብሎ ከሚያብረቀርቅ ጫማው ላይ ወደቀ። ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁበት፤ ኋላም መረጡት።

ከዓመታት በኋላ የሞርዌና ባል ከነጀልባው ባሕር ውስጥ ቀረ። አስከሬን ስላልተገኘ የመበለት ድጎማ ተከለከለች።

«ባሌ ሞቷል ስላቸው ‹አሳዪን› ይሉኛል» አለችው። «ወርደው አይፈልጉትም?»

ኦብሪ ነገሩን የራሱ አደረገው፤ አስከሬን ባይገኝም ለባሕር ሟች መበለት ድጎማ የሚፈቅድ ሕግ ሊያወጣ ቆረጠ። ተራ የምክር ቤት አባል የራሱን የሕግ ረቂቅ የሚያቀርበው ዕጣ ሲወጣለት ነው፤ ስንት ዓመት ጠብቆ ዕጣው ወጣለት። ረቂቁ የመጨረሻ ድምፅ የሚሰጥበት ዓርብ ሲደርስ አባቱ አልጋ ላይ ወደቁ። ሐሙስ እህቱ ሄስተር ከቤት ደወለች።

«አባባ እየደከሙ ነው። ና።»

«ነገ ድምፅ ይሰጣል። እስከ ማታ ይቆያሉ?»

«ምን ላድርግልህ፣ ቀጠሮ ላስይዛቸው?»

«ሄስተር፣ ካረፉ አትደውዪልኝ። ስብሰባው ሳያልቅ እንዳልሰማ።»

«እሺ» አለች። «በሕይወት ካሉ ብቻ እደውላለሁ።»

ዓርብ ሞርዌናና ሌሎቹ መበለቶች የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው ከላይ ከተመልካቹ ሰገነት ተደረደሩ። ዓርብ ምክር ቤቱ በአሥር ሰዓት ይዘጋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ተናጋሪ ገና እያወራ ከሆነ ረቂቁ ወደቀ ማለት ነው። ረቂቁን የሚቃወመው አባል ሰር መርቪን ክሮክሶል ይህን ስለሚያውቅ ተነሥቶ ስለ ዓሣ ዝርያ ያወራል፤ ስለ ክንፉ፣ ስለ ቅርፊቱ፣ አያቱ ስላጠመዱት ሁሉ። ኦብሪ ዓይኑን ከግድግዳው ሰዓት መንቀል አቃተው።

በዚህ መሐል የምክር ቤቱ አስተናጋጅ ሽማግሌው ፒም ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። «ክቡርነትዎ፣ እህትዎ ስልክ ላይ ናቸው። ቸኩለዋል።»

‹አባባ ሞቱ› አለ ኦብሪ በልቡ። የእህቱን ቃል ድንጋጤ አስረስቶታል። ስልኩን አንሥቶ ከሰማ፣ ሎርድ መሆኑን እያወቀ ድምፅ ሊሰጥ አይችልም፤ ረቂቁም አብሮ ሊቀበር ነው።

«አላገኘኋቸውም በልልኝ።»

ፒም አንድ አፍታ አየውና ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ሰር መርቪንን ሳል አጣደፈው። ውኃ እስኪመጣለት ሌሎቹ «ድምፅ! ድምፅ!» እያሉ አዳራሹን አናጉት፤ አፈ ጉባኤውም ድምፅ እንዲሰጥ አዘዘ። አባላቱ በደጋፊና በተቃዋሚ ሁለት መተላለፊያዎች ተከፍለው እያለፉ ተቆጠሩ። ረቂቁ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። ከላይ ሞርዌና ባርኔጣዋን አውልቃ ፊቷን ሸፈነችበት።

ኦብሪ ሊደውል ወደ ስልኩ ሮጠ። ‹በሕይወት ካሉ ብቻ› ያለችው ትዝ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው።

«ሄስተር?»

«ድምፅህን መስማት ፈልገው ነበር» አለች። «ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዤ ጠበቅንህ። ‹አላገኘኋቸውም› አሉን።»

«አሁንስ?»

«አርፈዋል።»

ማልቀስ ነበረበት። አፉን የቀደመው ግን ሌላ ነው። «በስንት ሰዓት?»

ሄስተር ወዲያው ገባት። አባታቸው ከድምፁ አስቀድመው አርፈው ከሆነ ኦብሪ ያን ጊዜ ሎርድ ነበር፤ የሰጠው ድምፅም ድምፅ አይደለም። ያለ እሱ ድምፅ ደግሞ ብልጫ የለም።

«ይህን ነው የምትጠይቀኝ?»

«እባክሽ፣ ሄስተር።»

«ድምፁ መቼ ተሰጠ?»

ነገራት።

«እንግዲያው ከዚያ በኋላ ነው» አለችና ዘጋችበት።

በቀብሩ ቀን፣ ሰው ሁሉ ‹ጌታዬ ሎርድ› እያለ እጁን ሲጨብጠው፣ አባቱን ሲያስታምሙ የነበሩት ሐኪም ቀረብ አሉት።

«አልተሠቃዩም። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ልክ በ...»

«ዶክተር» አለ ኦብሪ ክንዳቸውን ይዞ፣ «ሰዓቱን አይንገሩኝ።»

ሐኪሙ ግራ ገብቷቸው ሄስተርን አዩአት። እሷ ግን ጓንቷን እያጠለቀች ወደ መኪናው መንገድ ጀምራለች።