አሥር ሳንቲም የጎደለው ሜትር

የስፖርት መምህሩን ሰፈርተኛው «ሜትሩ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እናቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስፖርት ሲያስተምር አንድም ቀን ሲሮጥ ያየው ሰው የለም። ዝናብ ሊያገኘው ሲል አንድ ጊዜ ፈጠን ብሎ ተራምዷል የሚሉ አሉ፤ ምስክር ግን አልተገኘም። ወንበሩን ሜዳው ዳር ጥላ ፈልጎ ያስቀምጥና፣ ሆዱን ጭኑ ላይ አመቻችቶ፣ ፊሽካውን እንደ ማስቲካ እያኘከ ይለካል።

የዘለለውን ይለካል፣ የሮጠውን ይለካል፣ ቁጭ ብድግ የሠራውን ይቆጥራል። ከሩጫ በኋላ የልጆቹን አንጓ ይዞ የልብ ምታቸውን እንደ ትልቅ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ምን ያደርግበታል ቢባል፣ ይጽፈዋል። ከጻፈው በኋላስ ቢባል፣ ያሰምርበታል። አንድ ልጅ «እንዴት አድርጌ ልሻሻል?» ብሎ ቢጠይቀው «እኔ መዛኝ እንጂ አሠልጣኝ አይደለሁም» ብሎ አሰናብቶታል። የዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ በሦስት ቃላት ያልቃል፤ ፈተና፣ ልኬት፣ ምዘና። የሦስቱን ልዩነት በቃሉ ያልወጣ ተማሪ ነፋስን ቀድሞ ቢገባም ከመቶ ሃምሳን አያልፍም። ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ አንድ የክፍል አለቃ ግን ትርጉሞቹን እንደ ውሃ አንቆርቁሮለት ዘጠና ስምንት ተሸክሞ ሄዷል።

ቤቱም ከዚህ አላመለጠም። ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ «የትናንቱ ከዚህ በጣት ይበልጥ ነበር» ይላል። ለሚስቱ ወጥ ከአሥር ማርክ ይሰጣል። እሷም በበኩሏ ለባልነቱ ማርክ ይዛለታለች፤ ልቡ እንዳይሰበር ብላ ነው ያልነገረችው።

ከሁሉ በላይ የሚወደው ግን ከቦርሳው የማይለየውን ባለ ሠላሳ ሜትሩን የመለኪያ ጥቅልል ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የዚህ ሜትር ጫፍ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተረስቶ በሰበሰ። መምህሩም መቀስ አነሣና ልክ አሥር ሳንቲም ላይ ቆረጠው። አዲስ ለማስገዛት ማመልከቻ መጻፍ አለበት፤ ማመልከቻ መጻፍ ደግሞ ጥፋትን ማመን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከየልጁ ዝላይ ላይ አሥር እየቀነሰ ይመዘግብ ነበር። አንድ ቀን ረሳ። እንዳጋጣሚ በዚያው ሳምንት ከበላይ ቢሮ የመጣ ተቆጣጣሪ መዝገቡን አገላብጦ፣ «የእናንተ ልጆች ለካ ይዘላሉ» ብሎ እጁን ጨበጠው። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀነስ የሚባል የሒሳብ ስሌት ከመምህራችን ጭንቅላት ወጥቶ አልተመለሰም። ዛሬ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሦስት የምስጋና ወረቀቶች ተሰቅለዋል፤ ሦስቱም የሚገቡት ለተቆረጠው ጫፍ ነው።

ጫፉን የሚይዝለት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው።

«መምህር፣ እኔ የያዝኩት ጋ እኮ አሥር ነው የሚለው» አለው አንድ ጊዜ።

«አንተ መያዝህን ያዝ። የሚነበበው እኔ ጋ ያለው ነው።»

«እሱስ ልክ ነው። እኔ ጋ ያለውን ማን ያነበዋል» አለና ዘበኛው ያዘ።

የሜትሩ ታላቅ እህት ልብስ ሰፊ ናት። እሷ የወለደቻት፣ ሰፈሩ «ፌንጣ» ብሎ የሚጠራት ልጅ፣ ዘንድሮ እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ትምህርቷን ጨርሳ የስፖርት ማሠልጠኛ ኮሌጅ ለመግባት የርዝመት ዝላይ ተፈተነች። የሚፈለገው አራት ሜትር ከሰባ ነበር። ፌንጣ አራት ከሰባ ስምንት ዘለለች። አለፍኩ ብላ ወደ ሰሌዳው ብትሄድ ስሟ በቀይ ተሰርዞ አገኘችው።

«ዝላይሽ ጥሩ ነው፤ ችግሩ መዝገብሽ ነው» አለቻት የኮሌጁ መዝገብ ክፍል ኃላፊ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ዝቅ አድርጋ። «መምህርሽ የፈረመበት አራት ከሰማንያ ዘጠኝ ይላል። ከአምስት ሳንቲም በላይ ከተለያየ ሐሰተኛ ነው ብለን ነው የምንይዘው። መምህርሽ እስከ ዐርብ በእጁ ጽፎ ካላስተካከለ ቦታሽ ለተጠባባቂ ይሰጣል።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ፌንጣ በቀጥታ ወደ እናቷ ሱቅ ሄደች፤ እናቷም ወንድሟን አስጠራችው። ሜትሩ በጨርቅ ቁርጥራጭ መካከል ቦታ ፈልጎ ተቀመጠና ነገሩን ሰማ።

«አሸዋቸው እርጥብ ነበር መሰለኝ። እርጥብ አሸዋ እግር ይይዛል» አለ።

«ደረቅ ነበር፣ ጋሼ።»

«ደረቅ ከሆነማ ባሰ፤ ደረቅ አሸዋ ያንሸራትታል። ቁርስ በልተሽ ነበር?»

«በልቻለሁ።»

«ይኸውልሽ፤ ከብዶሽ ነው።»

እህቱ መርፌዋን የምትሰፋው እጅጌ ላይ ሰካችው። «ያንን ሜትርህን ወዲህ በል።»

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ እትዬ።»

«አልበላውም። ስጠኝ።»

ከቦርሳው እየጎተተ አወጣው። እሷም አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለውን የልብስ ሰፊ ሜትር አወረደችና የሁለቱን ጫፍ ገጥማ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። የእሷ መቶ ሲል የእሱ አንድ መቶ አሥር ይላል። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

«እኔ በአሥር ሳንቲም ብሳሳት የሙሽራ ቀሚስ ጉልበት ላይ ይቀር ነበር» አለች። «አንተን ግን ስትሳሳት ይሸልሙሃል።»

«ሜትር እኮ በፀሐይ ይሳባል። የእነሱን ያስመርምሩ።»

«የእኔም እዚሁ ሱቅ ውስጥ ፀሐይ መታው?»

«እትዬ፣ ይሄ የልኬት ጉዳይ ነው፤ ምዘናው ግን...»

«ምዘናህን ተወውና ጻፍ።»

ሜትሩ ግንባሩን ጠረገ። «ብጽፍ እኮ አለቀልኝ። የምስጋና ወረቀቶቹስ? ለአሥር ሳንቲም ብለሽ ወንድምሽን ታዋርጃለሽ?»

«ልጄን በአሥር ሳንቲም የምትሸጠው አንተ ነህ። እኔ በዚህ ዋጋ ቁልፍም አልሸጥም።»

«ሌላ መላ አለ። አሟት ነበር እንበል። አንድ የማውቀው ሐኪም...»

ፌንጣ እስካሁን ቆማ ነበር። «ጋሼ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። «እግሬ ከመነሻው ጣውላ ስንት ሳንቲም ቀድሞ እንደሚነሣ አራት ዓመት ሙሉ እያየህ አንድ ቀን አልነገርከኝም። ራሴ በኖራ እያሰመርኩ ነው ያስተካከልኩት። አሁን አስተምረኝ አላልኩህም። አንድ መስመር ጻፍልኝ።»

ኀሙስ ማታ አራት ገጽ ጽፎ መጣ። የመጀመሪያው ገጽ የአገልግሎት ዘመኑን ይዘረዝራል። ሁለተኛው ፈተናን፣ ልኬትንና ምዘናን ያብራራል። ሦስተኛው የአየር ጠባይ በሜትር ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ጫፉን በቸልተኝነት የያዘው ዘበኛ። እህቱ አንብባ ስትጨርስ አራቱንም ገጽ ለሁለት ቀድዳ ከጨርቅ ቁርጥራጩ ጋር ጣለችና ባዶ ወረቀት አቀበለችው። ሌላ አልጽፍም ብሎ ቢያኮርፍ፣ እሷም በሩ ላይ ወንበሯን አድርጋ መስፋቷን ቀጠለች። አንዷን መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀበት። ሰዓቱን የያዘው ራሱ ነው።

ዐርብ ጠዋት ሜትሩና ፌንጣ ወረቀቱን ይዘው ኮሌጁ ሄዱ። የመዝገብ ክፍል ኃላፊዋ ወረቀቱን ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «የተማሪዋ ዝላይ ትክክል ነው። የእኔ ሜትር አሥር ሳንቲም ይጎድለዋል።» ፊርማውን አየች፣ ማኅተም መታችና የፌንጣን ስም እንደገና ጻፈች። ሜትሩ በእፎይታ ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ።

«ይቀመጡ፣ መምህር» አለችው። ከመሳቢያዋ ቀጭን ማኅደር አወጣች። «ባለፉት ዓመታት ከእናንተ ትምህርት ቤት መጥተው፣ ዝላዩን አልፈው፣ መዝገባቸው ሐሰተኛ ነው ተብሎ የተመለሱ ልጆች ናቸው። ስድስት ናቸው። ሁሉም ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳንቲም ነው የተለያየባቸው። ደንቡ ከተስተካከለላቸው በሚቀጥለው ዙር ያለ ፈተና እንድንጠራቸው ይፈቅዳል። እነዚህስ?»

ሜትሩ ማኅደሩን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «እነሱ መጥተው አልጠየቁኝም» አለ።

«አንዷ እኔ ፊት ጠይቃህ ነበር» አለች ፌንጣ። «አሸዋው እርጥብ ነው አልካት።»

«አሁን እኔ ጠየቅኩዎት» አለች ኃላፊዋ፤ ስድስት ባዶ ወረቀቶችና አንድ እስክሪብቶ ወደ እሱ ገፋች።

ሜትሩ ወረቀቶቹን በአውራ ጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ቆጠራቸው። ስድስት ነበሩ።

«በአንድ ወረቀት ማጠቃለል አይቻልም?»

«አይቻልም» አለች ፌንጣ፣ ኃላፊዋ አፏን ሳትከፍት ቀድማ።