አዞው ፊት የተጠራሁበት ስም

ዛሬ አዞው ድንገት አፉን ከፍቶ ሲወረወር የባሌ እህት ፋጡማ «ሃዳ አብዲ! ሽሺ!» ብላ ጮኸች።

እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

ትምህርት ስለተዘጋ ልጆቹን ይዘን ከጭሮ ወደ አዋሽ ወርደን ነበር። መንገድ ዳር በሽቦ አጥር ውስጥ አዞ የሚያሳዩበት ቦታ አለ። አዞው ንቅንቅ አልል ስላለ ትንሿ ልጄ ሃዋ «እማ፣ ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው» እያለች ስታስቀን ነበር።

በእኛ አገር እናት በበኩር ልጇ ስም ትጠራለች። ሃዳ አብዲ ማለት የአብዲ እናት ማለት ነው። አብዲዬ ታሞ ከሞተብኝ ወዲህ ግን ዘመዱም ጎረቤቱም ሃዳ ሃዋ ይለኛል። እንዳላዝን ብለው ነው፤ አላህ ይስጣቸው።

ፋጡማ ጫማዋን ጥላ ነበር የሮጠችው። ስትመለስ ምን እንዳለች ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

«አውፍ በይኝ እህቴ፣ አምልጦኝ ነው።»

«ድገሚልኝ» አልኳት።

ቀስ ብላ «ሃዳ አብዲ» አለችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ጠባቂው አዞውን የፈራን መስሎት «አትፍሩ እናቶቼ፣ አጥሩ ጠንካራ ነው» ይለናል።

ልጄን ዳግም አላቅፈውም። ስሙን መስማት ግን በጣም ናፍቆኛል። ጭሮም ሂርናም ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከእንግዲህ ስታገኙኝ በእሱ ስም ጥሩኝ።

ልጅ የቀበራችሁ እናቶች፣ እናንተንስ ሰው አሁን በማን ስም ይጠራችኋል? በማን ስም ብትጠሩ ትወዳላችሁ? ጻፉልኝ፤ እኔ በዚያ ስም እጠራችኋለሁ።