የልብስ ሰፊው አጥር

ፀጉር አስተካካዩ ልብስ ሰፊውን «አቶ አጥር» ይለዋል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሥራ ሲቀዘቅዝ በሱቆቻቸው መካከል ባለው በረንዳ ላይ ቼዝ ይጫወታሉ። ልብስ ሰፊው ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል አጀማመሩ አንድ ነው፦ አንዷን ወታደር አንድ እርምጃ ይገፋል፣ ጳጳሱን ከኋላዋ ይሸጉጣል፣ ንጉሡን ጥግ ይደብቃል። አጥሩ ቆንጆ ነው። ችግሩ፣ ሲያጥር ቀና ብሎ አያይም።

ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። ጨዋታው ሳይሞቅ ንግሥቲቱን አውጥቶ፣ ከጳጳሱ ጋር ንጉሡ አጠገብ ባለችው ወታደር ላይ ያነጣጥራል። ልብስ ሰፊው አጥሩን ሲያሳምር ቤቱ ይዘረፋል። «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» የሚለው ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለዓመታት ስቆ አልፎታል። አሁን ግን ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ከተማው ማዶ ሊዛወር ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳያሸንፈው ሊሸኘው መሆኑ አንገበገበው።

የልብስ ሰፊው ሚስት ቼዝ አታውቅም። ቁልፍ እየተከለች ብሶቱን ስትሰማ ቆየችና፣ ሰውየው ሁልጊዜ በንግሥቲቱ ነው ወይ የሚመጣው ብላ ጠየቀችው። አዎ አላት። አንተስ ሁልጊዜ ያንኑ ታጥራለህ? አዎ።

«ታዲያ ሳትለካው ነዋ የምትቆርጠው» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ነገሩ ከነከነው። እሱ እኮ ደንበኛ ይወፍራል ይከሳል ብሎ፣ ስፌት ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ሳይተው ሰፍቶ አያውቅም።

በስንብቱ ቀን ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ደንበኞቹ ወረፋ ይጠብቁበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወታደሯ ተገፋች፣ ጳጳሱ ተሸጎጠ። ንግሥቲቱም እንደ ልማዷ ከተፍ አለች። የልብስ ሰፊው እጅ በልማድ ወደሚቀጥለው ወታደር ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ከንጉሡ ፊት ያለችውን ወታደር ገፋና የፀጉር አስተካካዩን ጳጳስ መንገድ ዘጋ። ፈረሱን አወጣ፤ ንግሥቲቱ ሸሸች። ሌላውን አወጣ፤ ደግማ ሸሸች። እሷ መግቢያ ፍለጋ ስትንከራተት የእሱ ሠራዊት ተሰልፎ አለቀ። አጥሩ ያው የድሮው ነበር፤ ዛሬ ግን እንግዳው የሚመጣበትን በር አይቶ ዘግቷል።

የፀጉር አስተካካዩ ንጉሥ መሸሻ ሲያጣ፣ ሰውየው ራሱን እያከከ ማን እንደመከረው ጠየቀ። ልብስ ሰፊው በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ጠጠሮቹን ሲሰበስብ ግን ሆዱ ባባ። ከእንግዲህ ለማን ያጥራል?

ጫኞቹ መጥተው ወንበሩን ሲያነሱ ፀጉር አስተካካዩ ከለከላቸው።

«እሱ አይጫንም። እንዲህ ተሸንፌማ አልቀርም፤ እሁድ መጥቼ እቀመጥበታለሁ» አለ።