ያንን ቃል መጀመሪያ ያለው ማን ነው?

ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር በመጨረሻ የሠራነው ተራ ነገር ምስር መልቀም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሰፌዱን በመሃላችን አድርገን በረንዳው ላይ ተቀምጠናል። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ጠጠሩን ትቶ ደህናውን ምስር ይጥላል፤ አያለሁ፣ ግን ዝም እላለሁ። በሬዲዮ አንድ ወጣት ለፍቅረኛው የጻፈውን ያነባል። ማንም ለማንም ብሎት የማያውቀውን ነገር እነግርሻለሁ እያለ ይምላል። ጌታሁን ሳቀ።

"ምስኪን፣ እንዳንቺ ያለች መርማሪ አትግጠመው" አለ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሆስፒታልና የሐረር መንገድ ነው፤ እሱን አልጽፈውም። የምጽፈው ያሳቀንን ነው።

በወጣትነቴ፣ መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የምጽፈው የሌላ ሰው ቃል ነው። ደብዳቤው ስለ ነዳጅም ይሁን ስለ ወንበር መጨረሻው አይለወጥም፤ ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን። ጣቶቼ ሳላስበው ይጽፉት ነበር። ሳስበው፣ ለአንዲት ሴት ከወርቅ ይልቅ ለእሷ ብቻ የተባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበልጥባታል ብዬ የማምነው ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል።

ጌታሁን ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ፣ ደገሀቡር የሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ጅጅጋ ሲመጣ አጎቴ ቤት ያርፋል። ወላጆቼ ከሞቱ በኋላ ያሳደጉኝ እኚሁ አጎቴ፣ ጋሼ መኮንን፣ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ከደገሀቡር ሱቆች ጋር ስለሚገበያዩ የጌታሁንን ጠባይ ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። አንድ ግንቦት ላይ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ ከትናንት ወዲያ ቶግ ዳር ነበርኩ አለኝ። ቶግ የሚባለው ከዝናብ በኋላ ብቻ ውሃ የሚወርድበት አሸዋማ ወንዝ ነው፤ የደገሀቡሩ ከጅጅጋ በኩል ይመጣል።

"ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ መጣ። አንዲት ጠብታ እኛ ጋ አልወደቀችም። አንቺ ጋ ዘንቦ ነው፣ ለእኔ የደረሰኝ አልኩ።"

ሌላ ምንም አላለም። በዚያ ሳምንት ስንት ደብዳቤ እንዳበላሸሁ አላስታውስም። ሽማግሌ ልላክ ሲል እሺ ለማለት ልቤ ቆርጦ ነበር፤ ግን ጋሼ መኮንን መጀመሪያ የምትኖሪበትን አገር እዪ አሉና ጨርቅ ሲጭኑ አብሬአቸው በአይሱዙ ሄድኩ።

እሳቸው ዕቃዬን እጠብቃለሁ ብለው ጭነቱ ላይ ወጡ። እኔ ጋቢና ውስጥ ከኤዶ ፋጡማ ጎን ተቀመጥኩ፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ኤዶ ፋጡማ ፍየል ጅጅጋ ሸጠው የሚመለሱ፣ ገበያ የለመዱ፣ አማርኛ የማያደናቅፋቸው ሴትዮ ነበሩ። ቀብሪበያህ ላይ ሻይ ጠጣን፤ የግመል ወተት የገባበት፣ ሄሉ አፍንጫ የሚከፍት። ከዚያ ወዲያ ቀይ አቧራ ነው፤ በመስኮት ገብቶ ጥርስ ላይ ይፈጫል። ሴትዮዋ ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው ብለው ሲያሾፉብኝ ቆዩ፤ በመጨረሻ በኩራት ነገርኳቸው። ቃሉንም ነገርኳቸው።

መሪውን የያዘው ሾፌር እንኳ እስኪዞር ድረስ ሳቁ። ከዚያ በሶማሊኛ አዜሙትና ተረጎሙልኝ። በላይኛው አገር ከምትኖር ልጅ ሰፈር የዘነበው ዝናብ የአንድን ሰው ግመል አጠጣለት ይላል። ግመል የሚያጠጡ ሁሉ የሚሉት ነው አሉ።

"ባሌም ለእኔ ብሎኛል። ግን መጀመሪያ የማን እንደሆነ ተናገረ፤ የአያቱ ወንድም ያለው ነው። እኛ ጋ የሰው ቃል ይዞ ባለቤቱን የማይጠራ ሌባ ነው፣ ዋላሂ።"

ፊቴን ሲያዩ ቴምር አውጥተው ሰጡኝ። ቴምሩን ይዤው ቀረሁ እንጂ አልበላሁትም።

ደገሀቡር ስንደርስ ጌታሁን ሩዝና የፍየል ሥጋ አሰርቶ፣ አዲስ ምንጣፍ ተውሶ ጠበቀን። እጄን ከመታጠቤ በፊት ጠየቅሁት። ቃሉ የራስህ ነው ወይስ ከዘፈን ወስደህ ነው አልኩት። ጋሼ መኮንን እግራቸውን ዘርግተው ነበርና፣ "በል ማልላትና እንብላ" አሉት።

ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠ። ቢምል አምነው ነበር፤ ያን ማታ የፈለግሁት እውነቱን ሳይሆን መሐላውን ነበር።

"ቶጉ ዳር ሆኜ እንዳሰብኩት አስታውሳለሁ" አለ በመጨረሻ። "ግን ውሃው ሲመጣ ተማሪዎቼ ይዘፍኑ ነበር። ሶማሊኛ ገና እየለመድኩ ነው፤ ጆሮዬ ምን እንደያዘ አላውቅም። ንግሥት፣ ብምልልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አልምልም።"

ሩዙ ቀዘቀዘ። ጋሼ መኮንን ብቻ በሉ።

በማግስቱ ማለዳ ብቻዬን ወደ ቶጉ ወረድኩ። ውሃ የለም። ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው በጣሳ እየቀዱ ጀሪካን ይሞላሉ። ዳር ተቀምጬ፣ እስቲ እኔ ስለዚህ አሸዋ ማንም ያላለውን ላስብ አልኩ። ወደ ላይ፣ ወደ ጅጅጋ በኩል ሳይ፣ ጥቂት ደመና አለ። እዚያ እየዘነበ ይሆናል አልኩ። ከዚያም ውሃው ወዲህ ይወርዳል ስል፣ ያው የእሱ ቃል ሆነብኝ። ሌላ ልፈልግ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ያ መሬት ለተቀመጠበት ሁሉ የሚሰጠው አንድ ሐሳብ ብቻ የነበረው ይመስል፣ ምንም አልመጣልኝም።

በመልሱ ጉዞ ጋሼ መኮንን ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ተኝተዋል ብዬ ነበር።

"ሌባ ቢሆን ይምልልሽ ነበር" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "እኔ እሰጠዋለሁ። አንቺ እንደፈቀድሽ።"

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እሺ አልኩ። መጀመሪያ ደገሀቡር፣ በኋላ ጅጅጋ፣ አብረን ኖርን፤ አብረን አረጀን ለማለት ግን ዕድሜ አላደረሰንም። የቃሉን ነገር አልፈታነውም። አንዳንዴ ጥሩ ነገር ከአፉ ሲወጣ መሃል ላይ ይቆምና፣ "ይሄን ከማን ሰማሁት?" ይለኝ ነበር። ሌላው ሰው ትሕትና ይመስለው ነበር። እኔ ግን ያ ማታ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ሳስበው፣ ጎርፉን እሱ አላመጣውም፤ እየወረደ ሳለ ግን ሊያየው የቆመው እሱ ነበር፣ የታወስኩትም እኔ ነበርኩ። ይህ ሊበቃኝ ይገባ ነበር። ብዙ ዓመት አልበቃኝም።

ሲሞት ድንኳኑ ሞላ። እግዜር ያጽናሽ ይላሉ፤ የሚቀጥለውም ገብቶ እግዜር ያጽናሽ ይላል። ሶማሌ ጎረቤቶቼ በቋንቋቸው ትዕግሥትና እምነት ይስጥሽ ይሉኛል፤ ከኋላ ያሉትም ያንኑ ይደግሙታል። አንድ የተማረ ሰው፣ የጌታሁን የሥራ ባልደረባ፣ ተጨንቆ ያሰበውን አዲስ ነገር ሊነግረኝ ጎንበስ አለ። ደግ ሰው ነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚለው አልገባኝም። የያዘኝ ያ ሁሉም ሰው የሚለው ቃል ነበር። ከእኔ በፊት በስንቷ ሴት ጆሮ እንዳለፈ አላውቅም፤ እነሱ ስለቆሙበት ጸንቶ እኔንም የቻለኝ ይመስለኛል። አዲስ ቢሆን ኖሮ የሚሸከመኝ አይመስለኝም።

በወጣትነቴ ሐዘንተኛ ቤት መግባት እፈራ ነበር፤ ከሌላው የተለየ የምለው ነገር ይቸግረኝ ነበር። አሁን ሰው ሲሞት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቀድሜ እሄዳለሁ። ሐዘንተኛዋን እግዜር ያጽናሽ እላታለሁ። ከዚያ አጠገቧ እቀመጣለሁ።