ከጽዱ ጉቶ እስከ እናቴ ደጅ

የትውልድ ቦታዬን ሲጠይቁኝ «አሰላ» እላለሁ፤ ባልኩ ቁጥርም ቅር ይለኛል። እናቴ ከሳጉሬ ወደ አሰላ ገበያ ስትመጣ ምጥ ይዟት፣ በአሮጌው መንገድ ዳር ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር እንደወለደችኝ ትናገራለች። ወንድሜ «እማዬ፣ ተረት ታሳምሪያለሽ» እያለ ያበሽቃታል። ዘንድሮ እግሯ ደክሞ ቤት ስትውል ግን ቀልዱ ያስከፋት ጀመር። እኔም ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ማስረጃ የሌለው ነገር አይዋጥልኝም። አንድ ቅዳሜ ጽዱን ፍለጋ በእግሬ ተነሳሁ።

ጠዋት

ጎረቤቴ ዘይነባ አብራኝ ወጣች። ልብስ ነጋዴ ናት፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ታቀላጥፋለች። እኔ ቀን ሙሉ የማልናገረውን እሷ ከቁርስ በፊት ትጨርሰዋለች። የያዝነው ስንቅ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ጭኮ ነበር። «ለአሮጌ መንገድ አሮጌ ስንቅ» አለች።

ከከተማው እንደወጣን አስፋልቱን ትተን ወደ ጭላሎ ተራራ በኩል ከፍ አልን። አሮጌው መንገድ ጨርሶ አልጠፋም። ድንጋዩ እዚህም እዚያም ከሳሩ ብቅ ይላል፤ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው። ድሮ የጭነት መኪና ይሻገርበት የነበረው የድንጋይ ድልድይ ላይ ዛሬ የታጠበ ብርድ ልብስ ተሰጥቶበታል። ከታች ሚኒባሶቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ወደ ሳጉሬ ይበራሉ።

ቀትር

አንድ ደጃፍ ላይ እማማ ሃሊማ የሚባሉ አሮጊት ገብስ አስጥተው ዶሮ ይከላከላሉ። ሰላምታው ሳያልቅ መንገደኛ ያርፍበት የነበረው ጽድ የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን እርጎ አቀረቡልን። ደግሜ ጠየቅኩ። «መንገዱስ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

ዘይነባ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እዚህ አገር ወሬ የሚጀምረው ከመጣው ሰው ነው። መንገደኛ ያየውን ሳይናገር የቤቱን ባለቤት አይጠይቅም። አርሲ ኖሬ ይህን መርሳቴ!

«ሁሉ ሰላም ነው» አልኩ።

«በቃ? ቃል ቆጥበሽ ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» አለች ዘይነባ።

እማማ ሳቁ። «ልጄ፣ እግርሽ ይህን ሁሉ መጥቶ ዓይንሽ ምንም አላየም?»

ጀመርኩ። የአሰላን ዝናብ፣ ስንዴው ማሸቱን፣ ድልድዩ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ነገርኳቸው። አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ፤ የእናቴን ምጥና የወንድሜን ፌዝ ሳይቀር ተናገርኩ። እማማ ሃሊማ የዶሮ ማባረሪያውን ዘንግ አስቀመጡ።

«እናትሽ አስካለ ናት?»

ስሟን አልነገርኳቸውም ነበር።

እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከጽዱ የቀረው ሰፊ ጉቶ ነው፤ ጥጃ ታስሮበታል። «ያኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ» አሉኝ። «እንደተወለድሽ ቅቤ ያላስኩሽ እኔ ነኝ።»

ጉቶው ላይ ተቀመጥኩ። ዘይነባ በስልኳ ፎቶ እያነሳችኝ «ዙፋንሽ ነው፣ ቀና በይ» ትለኛለች። ጥጃው ቀሚሴን ያኝካል። ታሪክ ሊጠይቅ የሄደ ሰው የራሱን ይዞ መሄድ እንዳለበት የተማርኩት እዚያ ጓሮ ነው።

ማታ

ከሳጉሬ በሚኒባስ ተመለስን። ቤት ስገባ እናቴና ወንድሜ ይጠብቁኛል። «አገኘሽው?» አለኝ ወንድሜ። ዛሬስ አልቸኩልም ብዬ ከአሰላ መውጫ ጀመርኩ፤ ስንዴው፣ ድልድዩ፣ እርጎው። ወንድሜ ተቁነጠነጠ። የሃሊማን ስም ስጠራ እናቴ አቋረጠችኝ።

«አለች?»

«አሉ። ገብስ አስጥተው ዶሮ ያባርራሉ።»

ስለ ጽዱ አልጠየቀችኝም። ወደ ወንድሜ ዞረች።

«ነገ ከቸርች መልስ እሷ ዘንድ ትወስደኛለህ» አለችው። «አሁን ጫማዬን ቦርሽልኝ።»